ጥሊሊ የቆመችውን መኪና ያመጣንባቸው ሦስት ቀናት

ቅዳሜ ነበር፤ የሚካኤል ዕለት። ዳንግላ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ወንድሜ ሙሉቀን ሚኒባሱን ያጥባል። እኔ አያ ሙሌ ነበር የምለው፤ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ ወዲህ ቤታችንን የያዙት እሱና ያቺ መኪና ናቸው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር።

“ና እስቲ ኢንጂነር” አለኝ። ትምህርት ቤት ስለ ኤሌትሪክ ትንሽ ስለተማርኩ እንዲህ እያለ ያሾፍብኛል። “ተሳፋሪው ሁሉ ስልክ የት እንሰካ እያለ አሰለቸኝ። እስከ ኋላ ወንበር አንድ መስመር ሳብልኝ።”

ሳብኩለት። ሞተሩ አጠገብ ካለው የፊውዝ ሳጥን ሽቦ ቀጠልኩ፤ መጋጠሚያውን በናስትሮ ጠቀለልኩ፤ በምንጣፉ ሥር አሳለፍኩ። ስልኩን ሰክቶ ቻርጅ ሲያደርግ ሲያይ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

እናታችን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ኮፈኑ ገና ክፍት ነበር። በየወሩ እንደምታደርገው ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች። “አትዝጋው፣ አትዝጋው” ብላ ቀረበችና ከባትሪው ጀምራ ሞተሩን ሁሉ አዳረሰችው።

“እማ፣ ይብቃት! እኔ እንኳ በዓመት አንዴ ነው የምጠመቅ” አለ አያ ሙሌ።

“አንተ የማትጠመቀውን እሷ ትጠመቅልህ!”

ሳቅን። ማታ ሽሮ በላን። ስለ ምንም ትልቅ ነገር አላወራንም። ያን ቀን ደጋግሜ የማስበው ምንም ስላልነበረበት ይመስለኛል።

እሑድ ጧት ቡሬ ሄደ። ሲመለስ፣ ጥሊሊን አልፎ ወደ እንጅባራ ሲመጣ፣ ጉም ውስጥ ሞተሩ በድንገት ጠፋበት። መብራቱ ይበራል፤ ሞተሩ ግን የለም። ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ከመንገዱ አርቆ አቆማቸው። ከኋላ ለማስጠንቀቂያ ቅጠል ጣለ። ከዚያ ኮፈኑን ከፈተ። ከፊት ለፊት የመጣ የጭነት መኪና መታጠፊያው ላይ መስመሩን ለቀቀ። ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ደህና ናቸው። ይህን የነገሩንም እነሱ ናቸው።

ለቅሶ ላይ ሰው ብዙ ይላል። አንዱ “ነዳጁን ሳያይ ወጥቶ ነው” ይላል። ሌላው “ድሮም ችኩል ነበር” ይላል። ሽቦውን የቀጠልኩት እኔ ነኝ፤ መኪናዋ የቆመችውም በማግሥቱ ነው። አርባው እስኪወጣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከአርባው በኋላ መኪናዋን ውሰዱ የሚል ቃል ከጥሊሊ መጣ። እናቴ “ታደሰ ይንዳት፤ እሷም ቆማ አትቅር” አለች። ታደሰ የአያ ሙሌ ጓደኛ ነው፤ ሹፌር ነው። እኔ አብሬው የሄድኩት ግን መኪና ለማምጣት ብቻ አልነበረም። ሽቦዬ ወንድሜን ገድሎት እንደሆነ ላውቅ ነው የሄድኩት። መንገዱ ሩቅ አይደለም። ለማታውቁት ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተል ልጻፈው። ሌላ አጻጻፍ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን

ከዳንግላ የወጣነው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ስለነበር ጃኬቴን ወንበር ላይ ረስቼው ወጣሁ። የረሳሁት ትዝ ያለኝ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ከከተማ ሲወጣ ነው።

“የአገራችንን ፀሐይ ይዘህ የምትሄድ መስሎህ ነው?” አለኝ ታደሰ። “እንጅባራ ስትደርስ እንተያያለን።”

ሹፌሩ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ሞተሩን አዳምጣለሁ። አንድ ቁልቁለት ላይ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ሲያነሣ የሞተሩ ድምፅ ቀነሰ። “ጠፋ እንዴ?” ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና “አልጠፋም፣ የኔ ወንድም፤ እሱም ትንሽ ይረፍ እንጂ” አለ። ታደሰ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ነገረው። ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ማርሽ ሊቀይር ሲል ቀስ ብሎ ይመለከተኝ ነበር።

አዲስ ቅዳም ቆምን። እኛ ዘንድ ከሰል በፌስታል እየተገዛ ነው ቤት የሚገባው። እዚህ ግን መንገዱን ይዞ እንደ ግንብ ተከምሯል። አራት ጆንያ ጣሪያው ላይ ተጫነ። ወዲያው ዝናብ መጣ። ጥቁር ውኃ በመስኮቱ ጠርዝ እየገባ ትከሻዬ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ በነጠላዋ ልትጠርግልኝ ሞከረችና “ዕድለኛ ነህ፣ ጥቁር ለብሰሃል፤ አይታይብህም” አለች። ከዚያ ልብሴን ደግማ አየችው። የተላጨውን ራሴን አየችው። “ውይ በሞትኩት!” ብላ አፏን ያዘች። እስከ እንጅባራ ድረስ የያዘችውን ቆሎ ለብቻዬ አበላችኝ።

እንጅባራ ስንደርስ እኩለ ቀን ነው። ዳንግላ በዚህ ሰዓት ሰው በሸሚዝ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። እዚህ ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቧል። እየተንቀጠቀጥኩ በባጃጅ ከድር ዘንድ ሄድን። ከድር የመኪና ኤሌትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሹፌሮች ሁሉ ያምኑታል። ቁመቱ አጭር፣ ንግግሩም አጭር ነው። ታደሰ ሁሉንም ሲነግረው ሥራውን ሳያቆም ሰማ።

“ሞተሩ ሲጠፋ የፊት መብራቱ በርቶ ነበር?”

“በርቶ ነበር፤ ተሳፋሪዎቹ ነግረውናል” አልኩ።

“ነገ ጥሊሊ እመጣለሁ። እስከዚያ ሽቦ እንዳትነኩ፤ ቁልፍም እንዳታዞሩ። ሹፌር ቀድሞኝ የነካካውን መኪና ከምሠራ ሙክት ብነዳ ይሻለኛል።”

“ምነው ከድር፣ እኔ መች ነክቼ አውቃለሁ?” አለ ታደሰ።

“አንተ ባለፈው በመዶሻ አይደል የመጣህብኝ?”

ስለ ሽቦዬ ልነግረው ፈልጌ ነበር። ታደሰ ፊት አልቻልኩም። ሁለት ጊዜ “ጋሽ ከድር” አልኩ፤ ሁለት ጊዜም “አይ፣ ምንም” አልኩ።

አልጋ የያዝንበት ቤት ባለቤት ትልቅ ሴት ናቸው። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ስጠይቃቸው ልብሴን አይተው “የማን ነው፣ ልጄ?” አሉኝ። “የወንድሜ” አልኩ። ገብተው የራሳቸውን ጋቢ አመጡ። ትኩስ ቅቅል ድንችም በበርበሬ አመጡልን። ቤታችን ድንች ወጥ ውስጥ ገብቶ ነው የሚበላው፤ እዚህ ራሱን ችሎ ቀረበ። ታደሰ ልጣጩን ሳይቀር በላው። እኔ ሁለቱን እንደ ምንም ዋጥኩ።

ሁለተኛው ቀን

ጧት ወደ ጥሊሊ ስንሄድ ጉሙ አልተነሣም ነበር። መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ታደሰ እጄን ያዘኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጠው የቀርከሃ አጥር እየታየኝ ነበር። ቦታውን አልፈነዋል።

ጋሽ ፈንታ የጥሊሊ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው መንገድ ዳር ነው። መኪናዋን ያን ዕለት ሰዎች ገፍተው እሳቸው ግቢ ያስገቧት ደጃፋቸው ሰፊ ስለሆነ ነው። ከባለቤታቸው ከእትዬ ብርቄ ጋር በአዊኛ ያወራሉ፤ ወደኛ ሲዞሩ አማርኛ ይሆናል። መኪናዋን በፕላስቲክ ሸራ ሸፍነው ዙሪያውን ድንጋይ ጭነውበታል። የግራ የፊት መብራቷ ተሰብሯል። ሌላ ምንም አልሆነችም። አንዲት ዶሮ ከሥሯ ወጣች።

“በየቀኑ ዙሪያዋን ትጠርጋለች” አሉ ጋሽ ፈንታ፣ በአገጫቸው ወደ ባለቤታቸው እያሳዩ። “እንግዳ ናት ትለኛለች።”

መጀመሪያ ብሉ ተባልን። የገብስ ቂጣና እርጎ ቀረበ። ዳንግላ እንግዳ ትንሽ ይለመናል እንጂ እንዲህ አይታዘዝም። እትዬ ብርቄ እስክጨርስ አጠገቤ ቆመው ጠበቁ። ከዚያ አንድ የታሰረ ፌስታል አመጡ። የአያ ሙሌ ጃኬት ነው፤ ታጥቦ ታጥፏል።

“አጥቤዋለሁ” አሉኝ ቀስ ብለው። “ሦስቴ ነው ያጠብኩት። እናቱ እንዳታይ ብዬ።”

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። ጃኬቱን ጭኔ ላይ አድርጌ እጅጌውን ፈትቼ መልሼ አጠፍኩት።

ከድር አምስት ሰዓት ላይ ባትሪ ተሸክሞ መጣ። የኛ ባትሪ ሞቶ ነበርና የራሱን አሰረ። ታደሰን መሪው ላይ አስቀምጦ “አዙር” አለው። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ እየጮኸ ዞረ። ሞተሩ አልተነሣም።

“ዳሽቦርዱን አየኸው?” አለኝ። “ቁልፍ ሲዞር አንዲት ቢጫ የሞተር ምልክት መብራት አለባት። አልበራችም። ይህ ማለት ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒዩተር ከረንት አልደረሰውም። እሱ ካላዘዘ ነዳጅም አይረጭም፣ እሳትም አይኖርም።”

“ነዳጅ አልቆ አይደለም?”

“ከግማሽ በላይ አለ” አለ ታደሰ ከመሪው ላይ።

ለቅሶ የመጡትን ሰዎች ሁሉ ያን ጊዜ ጠርቼ ባሳየኋቸው ብዬ ተመኘሁ። ግን ከድር እጁን ወደ ፊውዝ ሳጥኑ ሲሰድ ያ ሁሉ ጠፋ። አፌ ራሱ ተከፈተ።

“ጋሽ ከድር፣ እዚያ ውስጥ የኔ ሽቦ አለ። በዋዜማው የቀጠልኩት።”

ታደሰ ከመኪናው ወረደ። እትዬ ብርቄ ውኃ ይዘው በር ላይ ቆሙ። ከድር ሽቦውን በጣቱ ተከተለው፤ ናስትሮውን ፈታ።

“ማን አስተማረህ?”

“ትምህርት ቤት።”

“ናስትሮውን አላጠበቅከውም። እኔ ዘንድ ብትሠራ እጅህን እመታህ ነበር።” ሽቦውን ነቅሎ ጣለና ታደሰን “ተመለስ፣ አዙር” አለው። ሞተሪኖው ዞረ። ሞተሩ አሁንም አልተነሣም፤ ቢጫዋም አልበራችም። “አየህ? ያንተ ወጥቷል። እሷ ግን አሁንም አልነቃችም። የሳብከው ከሬዲዮው ፊውዝ ነው፤ ፊውዙም ደህና ነው። የኮምፒዩተሩ መስመር ሌላ ነው።”

“እርግጠኛ ነዎት?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

“እርግጠኛ ነዎት፣ ጋሽ ከድር?”

“በቃሌ አትመን። ናና በዓይንህ እይ።”

ሪሌ የምትባል ጥቁር ሳጥን አሳየኝ፤ አውራ ጣት ብታክል ነው። ቁልፍ ሲዞር ለኮምፒዩተሩ ከረንት የምትከፍት በር ናት። ከመውጫዋ ላይ መለኪያውን አስነካው። አሥራ ሁለት ቮልት አለ።

“ደርሷል እኮ!” አልኩ።

“መለኪያ ሥራ አያሠራም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚያይ። እስቲ ሥራ እንስጠው።” ሁለት ሽቦ ያለው አምፖል እዚያው ላይ አስነካ። አምፖሉ እንደ ፍም ትንሽ ቀላና ጠፋ። “ቧንቧ ጠብ ጠብ ሲል አይተህ የለ? ውኃ አለ ትላለህ፤ ባልዲ ግን አይሞላልህም።”

ሳጥኑን በጣቱ ቆረቆረ። አምፖሉ ቦግ አለ። እንደገና ጠፋ።

“ይሄን አውቀዋለሁ” አለ ታደሰ። “ክረምት ላይ ዱርቤቴ መንገድ ጠፍታብን ነበር። ሙሌ ሳጥኑን በቡጢ መታውና ተነሣች።”

“የሹፌር ሕክምና!” አለ ከድር። “ያኔ ብታመጧት ኖሮ…” አልጨረሰውም።

ሪሌዋን ነቀላት። ከእግሮቿ አንዱ የለም ማለት ይቻላል። ነጭና አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፤ የምትሰካበትም ውስጡ እንደዚያው ነው።

“ሞተሩን በውኃ የሚያጥበው ማነው?”

“ማንም” አለ ታደሰ። “ሙሌ ሞተር ላይ የእጥበት ውኃ አያስደርስም ነበር።”

ከድር ወደ ብርሃን አዞራት። “ከመንገድ የሚረጭ ውኃ ቢሆን ጭቃ ይኖረዋል። ይሄ ንጹሕ ነው። ከላይ ነው የፈሰሰው። የሳጥኑ ክዳን ጥርሱ ተሰብሯል፤ በዚያ ገብቷል። የአንድ ቀን አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ነው። ነጩ ደግሞ የምንጭ ውኃ የሚተወው ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት።”

ታደሰን አየሁት። መሬት መሬት ያያል። በሚካኤል ዕለት እናቴ መኪናዋን ስትረጭ ግቢያችን ስንቴ ቆሞ ሲስቅ ነበር! ከድር እኔንም እሱንም አየን። ጉጠቱን አነሣና “በሉ፣ እንሥራው” አለ።

ሽቦዬ ካልሆነ እተነፍሳለሁ ብዬ ነበር አርባ ቀን ሙሉ ያሰብኩት። ተነፈስኩም፤ አልዋሽም። ግን አንድ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ከድር ሽቦውን ንጹሕ መዳብ እስኪያገኝ ድረስ ቆረጠው፤ አዲስ መሰኪያ አሰረለት፤ አዲስ ሪሌ አስገባ። የክዳኑን ዙሪያ ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ጎማ አሸገው። ታደሰ ቁልፉን ሲያዞር መጀመሪያ ቢጫዋ በራች። ከዚያ ሞተሩ ተነሣ። እትዬ ብርቄ በአዊኛ አንድ ነገር ብለው አለቀሱ። ከድር እጁን ታጥቦ የግቢው ጥግ ላይ ሊሰግድ ሄደ፤ ጋሽ ፈንታ እስኪጨርስ ዶሮዎቹን በዱላ እየከለከሉ ቆሙ።

ያን ምሽት እነሱው ዘንድ አደርን። ከእራት በፊት ደጅ ቆመን ታደሰ ጠየቀኝ።

“ለእማማ ምን ልትላቸው ነው?”

“አላውቅም።”

“እኔ አፌን አልከፍትም። ያንተ ነገር ነው።”

ሦስተኛው ቀን

ጧት የአያ ሙሌን ጃኬት ለበስኩ። እጅጌው ይረዝመኛል። ብርዱ ግን አልገባም።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ታደሰ ከመንገዱ ወጥቶ ቆመ። እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደ።

“አታጥፋው!” አልኩ።

“ከድር ምን አለ? ካላመናችኋት አጥፍታችሁ አስነሡ አላለም?”

“እዚህ አይሆንም።”

“እዚህ ካላጠፋናት የትም አናጠፋትም፣ ወንድሜ።”

አጠፋት። ወረድን። ቅጠሉ አሁንም አለ፤ አያ ሙሌ የጣለው የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ደርቆ። አንድ ቅርንጫፍ አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅኩም። ታደሰ አማተበ፤ እኔም አማተብኩ። ስንመለስ ቁልፉን አንተ አዙር አለኝ። ሁለት ጊዜ ሳትኩ፤ ከዚያ አዞርኩት። ቢጫዋ በራች። ተነሣች። እስከ አዲስ ቅዳም ድረስ ዓይኔን ከዳሽቦርዱ አላነሣሁም፤ ስለዚያ መንገድ ልጽፍላችሁ የምችለው የለኝም።

ዳንግላ ፀሐይ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማለች። መኪናዋ ስትገባ ቀርባ የተሰበረውን መብራት በመዳፏ ሸፈነችው። ጃኬቱን አየችና እጅጌውን ዳሰሰችው። ንጹሕ ነበር።

“ምን ሆና ነው አሉ?”

“ዝገት ነው፣ እማ። ሪሌ የምትባል ትንሽ ዕቃ ዛገች።”

“ምን አዛገው?”

ታደሰ ዕቃ የሚያወርድ መስሎ ዞረ።

“እርጥበት ነው። ያ አገር እንደኛ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ጉም ነው።”

“ሽቦህ አይደለም?”

እንደምታውቅ አላውቅም ነበር።

“አርባ ቀን ሙሉ እጅህን ስታይ አይቼሃለሁ” አለች። “እኔም አንተ ላይ እንዳይሆን ስጸልይ ነበር።”

“የኔ አይደለም፣ እማ። የማንም አይደለም።”

በማግሥቱ

ጧት ታደሰ ለመጀመሪያው ጉዞ መጣ። ኮፈኑን ከፍቶ ዘይት ያያል። እናቴ ጠርሙሷን ይዛ ከቤት ወጣች።

“አትዝጋው፣ አትዝጋው!”

ታደሰ አየኝ። ሮጥኩና ኮፈኑን ሳብኩት። ያሰብኩትን ያህል ቀስ አላለም፤ ጓ ብሎ ተዘጋ። እናቴ ደንግጣ ቆመች።

“እማ፣ ዛሬ እኔን።”

ጃኬቱን አውልቄ ለታደሰ ሰጠሁት። ጫማዬን አወለቅኩና መኪናዋ ፊት ተንበረከክሁ። እናቴ ኮፈኑን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ ከአናቴ ጀምራ አንገቴንና ትከሻዬን ሁሉ አዳረሰችው። እንደ ጥሊሊ ጧት ይቀዘቅዛል። ጠርሙሱ ሥር የቀረውን በመዳፏ አድርጋ ጎማዎቹን ረጨቻቸው።

ውኃው ከፊቴ እየወረደ እዚያው ቆየሁ። ታደሰ ቁልፉን ሲያዞር ጆሮዬን ሰጠሁ። በመጀመሪያው ተነሣች።